ስለ እማዬ ኩላሊትና ስለደበቅከኝ ወረቀት

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የብየዳው ብልጭታ የለበለበው ዓይንህ ዳነልህ? ወገብህስ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹ አደጉ? ትንሿ እህታችን ትምህርቷን እየገፋች ነው? እማዬስ ዛሬ ከአልጋዋ ተነስታ በእግሯ እስከ በረንዳው ሄደች? እኔ ክብር ለፈጣሪ ይሁንና ደህና ነኝ፤ የጎደለብኝ ነገር ቢኖር እንቅልፍ ብቻ ነው። ሰላምታዬ ከልቤ ነው ወንድም ጋሼ። ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው እሑድ ስደውልልህ "ለምን?" የሚለውን ቃል እንኳ ሳልጨርስ "መስመሩ ይቆራረጣል፣ አይሰማኝም" ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከጀርባህ ብረት የሚቆርጠው ሰውዬ ሲያስነጥስ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሳህም። ወረቀት ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም። አብራኝ የምትሠራው ሰሃን አጣቢ ለእረፍት ወደ አገር ቤት፣ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ ከአንተ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስምዬያታለሁ።

ሥራዬን ለሰው ስትናገር "ምግብ ቤት ነው" ትላለህ። ምግብ ቤት አይደለም። የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ነው። ስልሳ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት በቀን ሦስት ጊዜ ይበላሉ፤ እኔ የምቆመው ትሪ የሚደረደርበት ጠረጴዛ ጋ ነው። በየትሪው ላይ ካርድ አለ። ነጭ ካርድ ያለው ሁሉን ይበላል፣ ቢጫው ስኳር ያለበት ነው፣ ቀዩ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ነው። ቀይ ካርድ ባለበት ትሪ ላይ ሙዝ አይቀመጥም፣ የቲማቲም ድልህ አይፈስም፤ ድንቹ እንኳ ተልጦና ተቆራርጦ በብዙ ውኃ ከተቀቀለ በኋላ ውኃው ተደፍቶ በልክ ነው የሚቀርበው። የወጥ ቤቱን ኃላፊ ሴትዮ "ሳጅን" እንላታለን፤ ለምን እንደምንላት ድምፅዋን ብትሰማ ይገባህ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ተሳስቼ ቀዩ ትሪ ላይ ሙዝ ሳስቀምጥ ደረሰችብኝና "ሙዝ መሰለሽ? ሰውዬው ልብ ላይ ድንጋይ ነው ያስቀመጥሽው!" ብላ ጮኸችብኝ። ያን ዕለት አለቀስኩ። ዛሬ ግን እሷን ለአንተ በሰጠልኝ እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ትሪ እንደያዝኩ ዓይኔ ጨልሞ ጠረጴዛውን ተደግፌ መቆሜን ነግሬሃለሁ። የመኖሪያው ነርስ ስትለካኝ ደም ግፊቴ መቶ ስልሳ በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከኪኒኑ ጋር ምክር ሰጠችኝ። ጨው ቀንሺ፣ ፖታሺየም ያለበትን ምግብ ጨምሪ፤ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ድንቹን፣ ቅጠላ ቅጠሉን፣ ሙዙን ብዪ አለችኝ። ጨው ሰውነት ውስጥ ውኃ ይዞ እንደ ክፉ እንግዳ አልወጣም ሲል፣ ፖታሺየም ኩላሊትን አግዞ ያስወጣዋል፣ የደም ሥርንም ያላላል ብላ አስረዳችኝ። ግን ይህን ሁሉ ከመናገሯ በፊት ደሜን ወስዳ ኩላሊቴን አስመረመረች። "ከመናገሯ በፊት" ነው ያልኩህ፣ ልብ በል። ኩላሊትሽ ደህና ከሆነ ትርፉን በሽንት ያወጣዋል፣ ደካማ ከሆነ ግን ፖታሺየሙ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ልብን እስከማቆም ይደርሳል አለችኝ። የእኔ ደህና ነበር። እንዳለችኝ በላሁ፣ ኪኒኔንም አላቋረጥኩም፤ በአራት ወር ውስጥ ግፊቴ ወደ መቶ ሠላሳዎቹ ወረደ።

እኔም ደስ ብሎኝ ስልክ አንስቼ ጉራዬን ነፋሁ። እማዬ ስንት ዓመት ከግፊት ጋር እንደኖረች ስለማውቅ እሷም ትጠቀም ብዬ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የጠየቅኩህን ታስታውሳለህ? እኔ አንዷንም ቃል አልረሳሁም። "የእማዬ ኩላሊት ተመርምሯል ወይ?" ነው ያልኩህ። አንተም "የእማዬ ኩላሊት እንደ ኮረዳ ነው፣ ዶክተሩ ራሱ ተገርሟል፤ አንቺ ብቻ በርትተሽ ሥሪ" አልከኝ። ሳቅኩ። አምኜህ ሳቅኩ ወንድም ጋሼ! ከዚያ ስልኩን ለትንሿ ሰጠሃትና ምን ምን ልትመግባት እንደሚገባ አንድ በአንድ ነገርኳት፣ እሷም በደብተሯ ጻፈችው።

ኋላ ከትንሿ እንደሰማሁት፣ ያን ጊዜ የምርመራው ወረቀት በሱቅህ መሳቢያ ውስጥ፣ ከብየዳ ዘንጎቹ ሥር፣ ከተኛ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ከኩላሊቷ ሥራ የቀረው ሲሶው ብቻ እንደሆነ ዶክተሩ ነግሮሃል። የምትወስደው የግፊት ኪኒን ራሱ ፖታሺየምን በሰውነት የሚያስቀር ዓይነት ስለሆነ ሙዙን፣ ድንቹን፣ ቲማቲሙን መጥኑላት ብሎሃል። በጨው ፋንታ የሚሸጠው ነገር ፖታሺየም ስለሆነ አጠገቧ እንዳይደርስ ብሎሃል። በወሩ ለደም ምርመራ አምጣት ብሎሃል። ሁሉንም ሰምተህ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈህ፣ ኪስህ ከተህ ወጣህ። ለቀጠሮው እንኳ አልወሰድካትም፤ ከሄደች ታውቃለቻ!

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላሉ። ባለቤትህና ትንሿ እኔ ያልኩትን ሰምተው እናታችንን በፍቅር መመገብ ጀመሩ። ጠዋት ሙዝ፣ ማታ ሙዝ፣ ምሳ ላይ ድንች በቲማቲም። ትንሿ ደግሞ ሱቅ ውስጥ "ለግፊት የሚስማማ ጨው" የሚል ቆርቆሮ አግኝታ "ልግዛው?" ብላ በመልእክት ጠየቀችኝ። እኔ ምን አልኳት? "ኩላሊቷ ደህና ስለሆነ ምንም አይላትም" አልኳት። አንተ በነገርከኝ ቃል፣ በገዛ ጣቴ፣ ያንን ጨው እናቴ ሰሃን ላይ ነሰነስኩት። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፤ ከምግብ ምክሬ በፊት ዶክተሯን ጠይቁ ማለት ነበረብኝ። ያንተ ግን ከእኔ ይለያል። እኔ ሳላውቅ ነው።

ትንሿ ስለ ሙዙ የነገረችኝን ስሰማ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ለካ ገበታ ላይ ቁጭ ብለህ የእማዬን ሙዝ ከእጇ እየቀማህ ትበላ ነበር! እማዬ ልትልጠው ስትል "ለእኔ ስጪኝ፣ ራበኝ" እያልክ አንዳንድ ቀን ሁለቱንም ትውጠው ነበር አሉ። ልጆችህ "አባባ ሙዝ ሌባ" ብለው ስም አወጡልህ፣ ባለቤትህ በሃምሳ ዓመትህ ስስት ጀመረህ ብላ ሳቀችብህ፣ አንተም አብረሃቸው ሳቅክ። አየህ፣ ታውቅ ነበር! እያንዳንዱ ሙዝ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ከምትናገር አንድ እጅ ሙዝ መዋጥ ቀለለህ። እናታችንን በሆድህ ልታድናት ነበር ያሰብከው? ወጥ ቤት ገብተህ ስለማታውቅ ደግሞ ጨዉን አላየኸውም። ሙዙን እየበላህ እያለ ዋናው ነገር በየሰሃኑ ላይ ይነሰነስ ነበር። ምስጢርህን ለባለቤትህ ብቻ እንኳ ብታካፍላት ኖሮ ያን ቆርቆሮ በዚያው ቀን በመስኮት ትወረውረው ነበር።

እማዬ የወደቀችበትን ቀን አንተ ሱቅ ስለነበርክ እኔ ከትንሿ እንደሰማሁት ልንገርህ። እማዬ ልብስ ከገመዱ ላይ ልታወርድ ተነሳች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች "እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ" አለቻት። ከንፈሯ ደነዘዘ። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልነሳ ብትል ጉልበቷ እምቢ አለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ሮጣ ገባችና ሁለቱ ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቧት። ሆስፒታል ደረቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልቧን ምት ወረቀት ላይ ሲያወጡት፣ ነርሷ አንድ ጊዜ አይታው ሳትናገር ሮጠች። ልቧ እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ ሊቆም ጥቂት ነበር የቀረው። በደም ሥሯ መድኃኒት ላይ መድኃኒት ሰጧት።

ዶክተሩ "ምን ትበላለች?" ብሎ ትንሿን ጠየቃት። ምስኪኗ ልጅ፣ የምትመሰገን መስሏት፣ ደብተሯን አውጥታ አነበበችለት። ሙዙን፣ ድንቹን፣ ቲማቲሙን፣ የግፊት ጨዉን። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ማነው ይህን ያዘዘው?" አላት። "እህቴ" አለችው። ከዚያ ፋይሉን ከፍቶ ጥቂት አነበበና "ለወንድምሽ እኮ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ ወረቀትም ሰጥቼዋለሁ" አላት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ብቻዋን ቆማ ሰማች። እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንተ ገና በመንገድ ላይ ነበርክ።

ትንሿ ስትደውልልኝ የምሳ ትሪ እየደረደርኩ ነበር፤ እጄ ላይ የነበረውም ባለ ቀይ ካርዱ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትሪውን ማስቀመጥ አቃተኝ። ሳጅን መጥታ ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። ነገሩን ስነግራት ያቺ ሁልጊዜ የምትጮኸው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እዚህ ስልሳ ሁለት የማትዛመጃቸውን ሰዎች በካርድ ትጠብቂያለሽ። የእናትሽን ካርድ ማን ወሰደው?" አለችኝ። ወንድሜ፣ እንደ አባት ያሳደገኝ፣ ከብየዳ ዘንግ ሥር ደበቀው ልበላት? አፍሬ ፊቴን ወደ ትሪዎቹ አዞርኩ። የመጀመሪያ ጊዜ ነው በአንተ ያፈርኩት፤ በዚህም ደሜ ፈላ። ለእኔ ደግሞ ደም መፍላት ጥሩ እንዳልሆነ ታውቃለህ።

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነው" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይቺን ቃል አባባ የሞተ ጊዜም ብለኸኛል። ሞቶ ሁለት ወር እስኪሞላው "ተኝቷል፣ ወጣ ብሏል፣ ጉሮሮውን ታሟል" እያልክ አቆየኸኝ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ሸሚዝ ልኬለታለሁ። አንገቱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጠባብ አይወድም ብዬ ሦስት ሱቅ ዞሬ የመረጥኩት ሸሚዝ ነው። ለሞተ ሰው! ደርሶታል ወይ ስልህ "ደርሶታል፣ በጣም ወዶታል" አልከኝ። ያን ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይቅር አልኩህ፤ አንተም አዝነሃል፣ ሸክሙ ሁሉ አንተ ላይ ነው ብዬ። ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ቆጠርከው መሰለኝ። ግን ሞት ቢደበቅ የሞተው አይጎዳም። በሽታ ሲደበቅ ነው ሰው የሚሞተው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለታማሚው ነበር፤ የሌላውን ሰው በሽታ የሚደብቅ ሲመጣ ምን እንደሚባል የቀደሙት አልነገሩንም።

እማዬ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን አነጋግሬያታለሁ። አንተ ቤት አልነበርክም። ያልተነገራት ነገር እንዳለ ገብቷት ትንሿን አፋጣ ጠይቃ ሁሉንም አውቃለች። አልጮኸችም፤ አንተ የእሷን ጩኸት ስትፈራ ኖረህ እሷ ግን አልጮኸችም። "ለመሆኑ ኩላሊቱ የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የእሱ?" አለችኝ። ቀጥላም "ሰባት ልጅ ወልጄ አራቱን የቀበርኩ ሴት፣ አንድ ወረቀት መስማት አትችልም ብሎ ነው?" አለች። ከዚያ ደግሞ ሙዝ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደማትወድ፣ ጠረኑ እንደሚያስጠላት፣ ግን ልጄ ከሩቅ አስባ ነው ያለችው ብላ ዓይኗን ጨፍና እየዋጠች እንደነበር ነገረችኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ ሰማሁ። ደንግጠህ ለእማዬ ከዳቦና ከሻይ በቀር ምንም እንዳይሰጣት አዘዝክ አሉ። ቅጠል የሚባል ነገር ቤት እንዳይገባ ከለከልክ አሉ። ወንድም ጋሼ፣ ከእሳት ወጥተህ ረመጥ ውስጥ አትግባ! ፖታሺየም መርዝ አይደለም፤ ሰውነት ያለ እሱ አይንቀሳቀስም፣ ሲያንስም ልብ ይታወካል። ነገሩ ልክ ነው። የእኛ ባለ ቀይ ካርዶች ጎመን በልክ ይበላሉ፣ ፖም ይበላሉ፣ ድንችም አልኩህ ውኃው እየተደፋ ይበላሉ። ያንን ውኃ ሾርባ አድርጋችሁ እንዳትሰጧት ብቻ፤ ከድንቹ የወጣው ፖታሺየም ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ስንት ሊሆን እንደሚገባው ግን እኔም አንተም አናውቅም፤ የደም ምርመራዋን አይቶ የሚወስነው ዶክተሯ ነው። ኪኒኗን እንደቀየረላት ሰምቻለሁና አሮጌውን ከቤት አውጡት።

አንተ ራስህም ግፊት እንዳለብህ አትርሳ። ትንሿ እንደነገረችኝ በዚያው ሰሞን ተመርምረህ ኩላሊትህ ደህና ነው ተብለሃል፤ የራስህን ውጤት ግን ለቤቱ ሁሉ አውጀሃል! የራስህ መልካም ወረቀት ግድግዳ ላይ፣ የእናትህ መሳቢያ ውስጥ። አሁን ሙዝ ስታይ እንደ እባብ መሸሽ ጀምረሃል አሉ። ዶክተርህ ካልከለከለህ ላንተ ባቄላውም ድንቹም ይጠቅምሃል፤ የሚጎዳህ በየገበታው ሳትቀምስ የምትነሰንሰው ጨው ነው። ብቻ በራስህ ፈቃድ የፖታሺየም እንክብል ገዝተህ እንዳትውጥ።

ማንም ክፉ ነህ እንደማይልህ አውቃለሁ፣ እኔም አልልህም። አባባ ከሞተ ጀምሮ የሁላችንንም ጭንቀት ብቻህን ተሸክመህ ማንም ሳያይህ ለመሄድ እንደምትሞክር ይገባኛል። ከባድ ነው። ግን ማን አሸከመህ? እኛ እጃችንን ዘርግተን ነበር። እኔ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለሁ ሰው፣ ያለኝ ነገር እውነቱን ማወቅ ብቻ ነው፤ እሱን ከወሰድክብኝ እህትህ አይደለሁም፣ ሸሚዝ ላኪ ብቻ ነኝ ማለት ነው። ቁጣዬ ገና አልበረደም፣ እንዲበርድልህም አትጠብቅ። ይቅርታ የምትጠይቀው ግን መጀመሪያ እኔን አይደለም። መጀመሪያ ትንሿን ነው፤ እስከ ዛሬ እናቴን ልገድላት ነበር እያለች ከእንቅልፏ እየባነነች ነው። ዓይኗን አይተህ "ጥፋቱ የእኔ ነው" በላት። እነዚህን ሦስት ቃላት ከአፍህ አውጣ፤ ከሙዝ አይበልጡም። ወረቀቱን ደግሞ ከመሳቢያው አውጥተህ ለባለቤቱ፣ ለእማዬ፣ ስጣት። ከእንግዲህ ለምርመራ ስትሄድ ዶክተሩ ለእሷ ይናገር፣ አንተ ታክሲ ጥራ።

ለባለቤትህ ከፍ ያለ ሰላምታ አቅርብልኝ። በእሷ ላይ ቅንጣት ቅሬታ የለኝም፤ ያበሰለችው በፍቅር ነው፣ ይህን ከእኔ እንድትሰማ እፈልጋለሁ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ስለ ሙዙ ስም ማውጣታቸውን እንዲተዉ ንገራቸው፣ ወይም አይተዉ፣ ይገባሃል። የልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ እሷ ባትሮጥ ይህ ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር። ትንሿን እቀፍልኝ፣ አጥብቀህ እቀፋት።

ለእማዬ በሚደርሰው ሰላምታ ግን አንተን አላምንህም። ይህን ደብዳቤ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠህ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብለህ አንብብላት። ስለ ሸሚዙም አንብብ፣ ስለ ሙዙም አንብብ፣ አፍሬብሃለሁ ያልኩትንም አንብብ። አንድ መስመር እንዳትዘል፤ ትንሿ ከጎንህ ተቀምጣ ፊደሉን በጣቷ ትከተልልሃለች።

የምትወድህና የተቆጣችህ እህትህ

ከአራተኛው ፎቅ ክፍሌ፣ ሰኔ 11 ቀን